የድሮው መስመር

መሐንዲሷ ማንሳራ ሮካ ስብሰባውን የከፈተችው በደረቷ ተኝታ ነው። ሌላ አማራጭ አልነበራትም። የሲርባሪ መንደር ሰው በሙሉ፣ አዲሱ ሙሽራ ከነሙሽሪቱ፣ የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሳይቀር፣ በረዶ ገና የለቀቀው የተራራ ሜዳ ላይ በሆዱ ተዘርግቶ ሳሩን በዓይኑ ያበጥራል። ቀና ብሎ የሚያያት ጠፋ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አንዴም "እንደምን ዋላችሁ" አለች፤ መልሱ ከሳሩ ውስጥ ነው የመጣው። ስለዚህ ቦርሳዋን አወረደች፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን የድልድዩን እቅድ ብብቷ ስር ወሸቀች፣ እርጥቡ ሳር ላይ ተነጠፈችና በክርኗ እየተሳበች የድልድይ ኮሚቴው ሊቀመንበር እትዬ ጃውማቲ ጎን ደረሰች።

"እትዬ፣ ስለ ድልድዩ ነው የመጣሁት።"

"አውቃለሁ። ክርንሽን አንሺልኝ፣ እሱን ቦታ ገና አልፈተሽኩትም" አሉ ጃውማቲ ዞር ሳይሉ።

ማንሳራ ክርኗን አነሳች። ምንም የለም። ያርሳ የምትባለው የተራራ እንጉዳይ እንዲህ ናት፤ የክብሪት እንጨት የምታህል ቡናማ ራሷን ከሳሩ መሃል ብቅ አድርጋ በሰው ታሾፋለች፣ ሲቆፍሯት ደግሞ የደረቀ አባጨጓሬ ይዛ ትወጣለች። ነጋዴዎቹ ለመድኃኒት ነው ይላሉ። ለምንም ይሁን፣ ዓይኑ ጥሩ የሆነ ሰው በአንድ ጠዋት የሚለቅመው ስንት ሳምንት የቀን ሥራ ያስንቃል። ያርሳ የምትለቀምበት ጄት ወር ሲገባ መንደሩ ውስጥ የሚቀረው ዶሮና እግሩን የታመመ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ማንሳራ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የዚሁ መንደር ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚሁ ሜዳ ላይ በሆዷ ስትሳብ ነው ያደገችው። ታዲያ ይህን እያወቀች የጄት ወር እቅዷ ላይ የመንደሩን ግማሽ ጉልበት መጻፏ ምን ይባላል? በብርዱ ወር ስብሰባ ላይ መንደሩ "ግማሻችን እንወጣለን፣ ግማሻችን ለድልድዩ እንቀራለን፣ በየሳምንቱ እንቀያየራለን" ብሎ እጁን ሲያወጣ አመነች። ያመነችው ማመን ስለፈለገች ነው። የበጀት ዓመቱ ከጄት ቀጥሎ በሚመጣው በአሳር ወር መጨረሻ ይዘጋል፣ ከዚያ በፊት ያልቃል ያልተባለ ድልድይ ደግሞ አይጸድቅም። በራሷ ስም የምትመራው የመጀመሪያ ድልድይዋ ነበርና ያ ፈረቃ የሚባል ነገር እቅዱ ላይ ሲያርፍ አምሮ ታያት።

ሜዳው በተከፈተ በማግስቱ የመቅረት ተራ የደረሰው ሁሉ እየተንጠባጠበ ወጣ። ሥራው ቦታ ላይ የቀረው ገመድ ገጣሚው ራንቢርና በቅሎው ነበሩ። በወንዙ ግራና ቀኝ መሠረቱ ተጥሏል፣ ማማዎቹ ቆመዋል። በእቅዱ መሠረት ይሄኔ ገመዱ ተሻግሮ መረማመጃው እየተነጠፈ መሆን ነበረበት። ሁለቱ የብረት ገመዶች ግን መኪና መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ፣ መኪናው ካወረዳቸው ጀምሮ፣ ተጠቅልለው ተኝተዋል።

ትናንት የአውራጃው የድልድይ ሥራ ኃላፊ ኢንጂነር ኬዳር ደውለውላት ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሳር ሲቃረብ እንደ ማንኛውም ኃላፊ እንቅልፍ ያጡ ሰው ናቸው።

"ዓርብ የአውራጃው ኮሚቴ ይቀመጣል" አሏት። "የዘገየ ፕሮጀክት ገንዘቡን ተነጥቆ መጨረስ ለሚችል ይሰጣል። ያንቺ ስም ከላይ ነው ያለው።"

"እቅዱን ልከልስ፣ ኢንጂነር። በጀቱንም ጊዜውንም።"

"ከልሺ! እኔም የምልሽ እሱን ነው። የድሮውን እርሺውና ከዛሬ የሚጀምር አዲስ እቅድ ላኪልኝ። ከዛሬ የጀመረ ነገር እንዴት ብሎ ይዘገያል?" ራሳቸው ባሉት ሳቁ። "ደግሞ ያ የፈረቃ ሐሳብሽ እዚህ በጣም ተወዶልሻል። ለላይኞቹ የያርሳ መንደሮች ድልድይ እሱኑ ገልብጠነዋል።"

ያ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው ተራራውን ሙሉ ሲከተላት የመጣው።

"እትዬ ጃውማቲ፣ በግልጽ ልንገርዎት" አለች አሁን፣ አገጯ ሳሩን እየነካ። "ገመዱ በቶሎ ካልተሻገረ ገንዘቡ ይሄዳል። በጀቱ ተመላሽ ሆኖ ለሌላ ይሰጣል፣ እኛ በቱዊን መንጠልጠላችንን እንቀጥላለን።"

የጃውማቲ እጅ ለአንድ አፍታ ቆመ። ቱዊን ማለት በሽቦ ላይ የሚንሸራተት ሣጥን ነው፤ ውስጡ ተቀምጠው በእጅ እየሳቡ ወንዙን ይሻገሩበታል። የጃውማቲ ባል ሦስት ጣቶቹን መዘውሩ ውስጥ ትቷል። ዝናቡ ሲመጣ ወንዙ ከፍ ብሎ የሣጥኑን ታች ይልሳል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። የጃውማቲ የልጅ ልጅ ዘንድሮ ትምህርት ትጀምራለች።

"ሰው አምጥተሽ አሻግሪያ" አሉ ቀስ ብለው።

"ሰዎቹ እናንተ ናችሁ።"

"እኛማ ሥራ ላይ ነን።"

"እጃችሁን አውጥታችሁ አልነበር? ግማሹ ሊቀር?"

"አውጥተናል። ያን ቀን እጃችን ባዶ ነበራ።"

ከኋላቸው አስተማሪው ሳቀ። "እናትሽንም ጠይቂያት፣ ኢንጂነር። እዚያ ማዶ ናት። ተራዋ የመቅረት ነበር።"

ማንሳራ ዞር አለች። እውነትም እናቷ ናት፤ ከወዲያኛው ተረተር ላይ፣ ራሷን ከመሬት ሳታነሳ፣ አንድ እጇን ወደ ላይ አውጥታ አወዛወዘችላት። ማንሳራ መናደድ ፈልጋ ሳቅ አመለጣት።

"አንድ ቀን ገመድ መሸከም ጠልተን እንዳይመስልሽ" አሉ ጃውማቲ። "እኔ ታች ገመድ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ዳንማያ እዚህ የኔን ቦታ ስታበጥረው እያሰብኩ፣ እግሬ የት እንደሚያርፍ መቼ ይታየኛል? ድካሙ አይደለም የሚያስወጣን። ጎረቤት ነው።"

"ሰምቻለሁ" አለች ከአሥር እርምጃ ርቀት የጃውማቲ ባል እህት ዳንማያ። "አንቺስ? ትናንት እበላለሁ ብዬ ብነሳ እስክመለስ ድረስ ቦታዬ ላይ ተኝተሽ አልጠበቅሽኝም?"

"ላሞቅልሽ ብዬ ነው።"

ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ማንም ከሳሩ አላነሳም። ማንሳራ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ስትለፋ የከረመችው ግማሹን ሰው እንዴት ታች እንደምታስቀር ነበር። እያንዳንዱ ገመድ ግን አንድ ወጥ ነው፤ ተቆርጦ አይቀጠልም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ነው የሚሄደው። ግማሽ መንደር ግማሹን ዛሬ ተሸክሞ ለቀረው ግማሽ ነገ አይመለስም። ሰው ቢቀርላት እንኳ ያ እቅድ አይሆንም ነበር። የተበላሸው ቀኑ ብቻ ሳይሆን ፈረቃው ራሱ ነው።

"እትዬ፣ ሜዳው የሚከፈት ቀን ቀድሞ የሚለቅመው ማነው?"

"ማን ደፍሮ! ፊሽካው ሳይነፋ የነካ ይቀጣል፣ የለቀመውንም ይነጠቃል። ሁሉም እኩል ነው የሚጀምረው። ታውቂው የለ?"

ፊሽካው አንገታቸው ላይ ነው፤ በቀይ ክር የታሰረ፣ ቀለሙ የለቀቀ ፊሽካ።

"ሜዳውን እኩል የከፈተ ፊሽካ እኩል ሊዘጋው አይችልም?"

ጃውማቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከሳሩ አነሱ። ልጅቷን ትክ ብለው አዩአት። አፈር የነካው ፊታቸው ላይ ፈገግታ ቀስ እያለ መጣ።

"ሁሉም ይወርዳል" አለች ማንሳራ፣ ቃላቱ እየተጋፉባት። "አንድም ሰው እዚህ አይቀርም። የማንም ቦታ አይነካም። ሁለቱንም ገመድ ወንዙ ድረስ እንወስዳለን፣ እናሻግራለን፣ ተመልሰን ፊሽካው ሲነፋ ሁላችሁም እኩል ትጀምራላችሁ።"

ጃውማቲ ቀሚሳቸውን አራገፉና ቆሙ። ፊሽካውን ነፉት።

ሜዳው ላይ ያለው ጭንቅላት ሁሉ አንድ ላይ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስብሰባ ማለት ይከብዳል። የዚህ ሳምንት ዋጋ አይገኝም ያለ አለ፤ በረዶ ተመልሶ ቢጥልስ ያለ አለ፤ ሙሽራው ገና ሦስት ያርሳ ብቻ ነው ያገኘሁት ብሎ አማቶቹ ፊት አፈረ። አስተማሪው ሜዳው ሲዘጋ የላይኛው መንደር ሰው ሾልኮ ቢገባብንስ ሲል ጠየቀ፤ ለእሱ ሁለት ጠባቂ ይቁም፣ ሁለቱም እርስ በርስ ከማይተማመኑ ቤቶች ይሁኑ ተባለና ሁሉም ተስማማ። ማንሳራ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገላበጠች ስትመልስ ድምጿ ተዘጋ። ደስታዋ ግን እየጨመረ ሄደ፤ በብርዱ ወር ስብሰባ ላይ እንዲህ ማንም አልተከራከራትም ነበር፣ ያኔ ሁሉም ዝም ብሎ እጁን አወጣ እንጂ።

"ጃውማቲ ከወረደች እወርዳለሁ" አለች ዳንማያ በመጨረሻ። "ከፊቴ ስትሄድ ግን ማየት አለብኝ።"

"በይ ነይ፣ ጀርባዬን እያየሽ ውረጂ። ያምርብኛል" አሉ ጃውማቲ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። "እጅ አይወጣም። እጃችንን አይተነዋል። መቆፈሪያችሁን አምጡ።"

ከየሰዉ እጅ መቆፈሪያው እየመጣ በጃውማቲ ድንኳን ውስጥ ተከመረ። ያርሳ ወቅት ላይ የዚህ አገር ሰው ልጁን አደራ ይሰጣል፣ መቆፈሪያውን አይሰጥም። የማንሳራ እናት የራሷን ስታስረክብ የልጇን ጉንጭ በአፈራም እጇ ነካ አድርጋ አለፈች።

ማንሳራ የዚያን ከሰዓት ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እቅዱን ከለሰችው። ወረቀቱ ላይ የድሮው የጊዜ መስመር በእርሳስ ተሰምሯል፣ ከሥሩም የኮሚቴው አሻራ አለ። ከሱ በታች አዲሱን አሰመረች። ያልተሠራውን ሁሉ አሳር ውስጥ አልጠቀጠቀችውም፤ በዝናብ እየተጣደፉ የሚሠሩት ሥራ ምን እንደሚሆን በሌሎች ድልድዮች አይታለች። ገመዱ በዚህ ወር ይሻገራል፤ መረማመጃውና የጎን መረቡ ዝናቡ ሲያባራ፣ መኸሩ ከገባ በኋላ። ገንዘቡንም ለሁለት ከፈለችው፤ ከዘንድሮው ገመዱ የሚበላው ብቻ፣ የቀረው ከመጪው ዓመት። የተሸካሚው ቀለብና የራንቢር ሁለተኛ ወቅት ክፍያ ተጨመረ። በአሳር ዋዜማ "ዘንድሮ ትንሽ ስጡኝ፣ ቀሪውን ለከርሞ" ብሎ የጻፈ መሐንዲስ አይታ አታውቅም። ቢሆንም መስመሩ እውነት ስለነበር እንዳለ ተወችው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ገመዶች ተፈቱ።

ሰዉ በሁለት ረድፍ ቆመ፣ ሁሉም ትከሻው ላይ ሻርፕ ወይም ጆንያ አጥፎ አደረገ። የአንዱ ረድፍ መሪ ጃውማቲ ናቸው፣ የሌላው ዳንማያ። ማን እንዲህ እንዲሆን እንደወሰነ አይታወቅም፤ ሲነጋ እንዲያ ሆኖ ተገኘ። ራንቢር ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጮኸ፦

"ስማኝ የሲርባሪ ሰው! አንዱ ሲቀመጥ ሁሉም ይቀመጣል። አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል። ብቻውን የሚጥል ሰው ከኋላው ያለውን ይገድላል። ሽንትህ የመጣ አሁኑኑ ሂድ!"

ግማሹ ሰው ሄዶ መጣ። ከዚያ ፊሽካው ተነፋና ገመዱ ከመሬት ተነሳ።

ማንሳራ ይህን ቀን በሂሳብ ስታስበው ነው የኖረችው፤ ይህን ያህል ክብደት ለዚህ ያህል ትከሻ እያለች። ሂሳቡ ድምፅ አልነበረውም። አሁን ግን የሰዉ ትንፋሽ አንድ ላይ ሲወጣና ሲገባ፣ እግሩ አንድ ላይ ሲያርፍ፣ ገመዱ ከፊቷ ታጥፎ ከኋላዋ የማያልቅ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ድምፁን ሰማችው። ገመዱ ስር መግባት አልነበረባትም፣ መሐንዲሷ ናት። ገባች። እናቷ ከፊቷ ነበረች።

አንድ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ለገመዱ ጠበበ። ገመዱ እንደልብ አይታጠፍም፣ ያለው ማለፊያ በእርከኑ በኩል ነው፣ እርከኑ ላይ ደግሞ የዳንማያ በቆሎ ጉልበት ደርሷል። ሁሉም ቆመ። ዳንማያ ማሳዋን አየች፣ ገመዱን አየች።

"እለፉ" አለች። "የጃውማቲ ረድፍ ግን በቆሎዬን ቀድሞ እንዳይረግጥ። መጀመሪያ የኔ።"

"ሰማችሁ? ከኋላዋ የምንሄደው ለበቆሎዋ አዝነን ነው" አሉ ጃውማቲ።

በእርከኑ ዳር አስተማሪው አዳለጠው። ገመዱ ተወዛወዘ፣ እሱ ሲንበረከክ በትከሻው ያለው ክብደት ወደ ጎረቤቶቹ ዘለለ፣ ማንሳራም ትከሻዋ የተሰበረ መሰላት። "ተቀመጥ!" አለ ራንቢር። ረድፉ በሙሉ አንድ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልጣለም። አስተማሪው ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ሲል የተማሪዎቹ እናቶች ነገ ተንበርክከህ ትቀጣለህ አሉት። እንደገና ተነሱ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ራንቢር የብረት ገመዱ ጫፍ የታሰረበትን ቀጭን ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ በቱዊኑ ተሻገረ። ተከትለውት የተሻገሩት ከማዶ መሳብ ጀመሩ፤ ከወዲህ ያሉት ይለቁታል። የብረቱ ጫፍ ከውሃው በላይ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ በዓይኑ ሸኘው።

የማንሳራ ስልክ ጠራ። ማማው ሥር አንዲት ጥግ ላይ ኔትወርክ ትገኛለች፤ እዚያ ተጠጋች።

"ገመዱ የት ደረሰ?" አሉ ኢንጂነር ኬዳር።

"የመጀመሪያው ገመድ ወንዙ መሃል ላይ ነው።"

"የምርሽን ነው?" ድምፃቸው ተለወጠ። "እቅዱን አሁኑኑ ፎቶ አንስተሽ ላኪ። ነገ ጠዋት አቀርበዋለሁ።"

"ሁለቱም መስመር አለበት፣ ኢንጂነር። የድሮውም፣ አዲሱም።"

"የድሮውን አጥፊው፣ ማንሳራ። ለአንቺው ነው። ሁለት መስመር ያየ ሰው መሃሉ ያለውን ክፍተት ነው የሚያየው። 'እንዲህ የዘገየች ልጅ አሁንስ በምን ትታመናለች' ብለው ገንዘቡን ሊነጥቁሽ ይችላሉ። አዲሱን ብቻ ካዩ ማንም አይጠይቅሽም።"

"ማንም ካልጠየቀ ላይኞቹ መንደሮች በፈረቃው ይጀምራሉ።"

"እሱን ለከርሞ እናየዋለን።"

"ከርሞ እነሱም እንደኛ ሜዳ ላይ ይሆናሉ፣ ኢንጂነር።"

"የራስሽን ድልድይ አስቢ" አሉና ዘጉ።

ማንሳራ ወረቀቱን የማማው መሠረት ላይ ዘረጋች። ከቦርሳዋ ላጲስ አወጣች። የድሮው መስመር በእርሳስ ነው የተሰመረው፤ ጥቂት ብትፈትገው ይጠፋል። እናቷ ገመዱን እየለቀቀች፣ ተረከዟን ድንጋይ ላይ ተክላ፣ ከዳንማያ ጋር ትሳደባለች። ነገ በዚህ ወረቀት ምክንያት ገንዘቡ ቢሄድ ለእነዚህ ሰዎች ምን ትላቸዋለች? ፈራች። መፍራቷን ለራሷ አልደበቀችም።

ጃውማቲ መዳፋቸውን እያሻሹ መጡ። ትከሻቸው ላይ ሻርፑ ደም ነክቶታል።

"ላስፈርምዎት ትያለሽ ብዬ ነው። አሻራዬን የት ላድርግ?"

"አዲሱ ሥር፣ እትዬ።"

ጎንበስ ብለው አዩት። "ይሄስ? ያን ጊዜ ያደረግነው አይደለም?"

"ነው። አጥፊው ብለውኛል። ካላጠፋሁት ገንዘቡን ሊያስቀርብን ይችላል።"

ጃውማቲ የድሮ አሻራቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "ፈረቃ" አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው የመረረ አልነበረም። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ከአዲሱ መስመር ሥር አሳረፉ። "ድልድዩ የኔም ነው፣ ወረቀቱ ያንቺ ነው። እንደመሰለሽ አድርጊ፣ ልጄ" ብለው ወደ ገመዱ ተመለሱ።

ማንሳራ ላጲሱን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች። እስክሪብቶ አወጣች። የድሮውን የእርሳስ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳትቸኩል፣ በሰማያዊ ቀለም ደገመችው። ከአጠገቡ "በያርሳ ወቅት በፈረቃ ይሠራል ብለን ነበር። አይሆንም። ሜዳው ለሁሉም እኩል ሲዘጋ ይሆናል" ብላ ጻፈች። ወረቀቱን በሁለት ድንጋይ ያዘችው፣ ከኋላው ወንዙና ገመዱ እንዲገቡ አድርጋ ፎቶ አነሳች፣ ላከችው።

ከማዶ ራንቢር "ቀስ ብላችሁ ልቀቁ!" አለ። ስልኳን ኪሷ ከትታ እናቷ አጠገብ ያለው ክፍት ቦታ ላይ ገብታ ገመዱን ያዘች።